ዳረን ፍሌቸር፦ ስለ ስኮትላንዳዊው አማካይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊዎች ስንሰባሰብ ወሬው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሮናልዶ፣ ወደ ሩኒና ወደ ስኮልስ ነው። የፍሌቸር ስም የሚነሳው ዘግየት ብሎ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ግን ጥያቄው አያባራም። ስለ ቀይ ካርዱ የሚጠይቅ አለ፣ ስለ ህመሙ የሚጠይቅ አለ፣ ወጣቶቹ ደግሞ “ለመሆኑ ያን ያህል ጎበዝ ነበር?” ይላሉ። ደጋግመው የሚመጡትን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳረን ፍሌቸር ማን ነው?

የካቲት 1 ቀን 1984 ከኤድንብራ ብዙም በማትርቀው ዳልኪት የተወለደ ስኮትላንዳዊ አማካይ ነው። ለማንቸስተር ዩናይትድ 342 ጨዋታ ተጫውቶ 24 ግብ አስቆጥሯል። ከዚያ ለዌስት ብሮምና ለስቶክ ሲቲ ተሰልፏል። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን 80 ጊዜ ተጫውቷል፤ የቡድኑ አምበልም ነበር።

ዩናይትድ ውስጥ የገባው በዝውውር ነው ወይስ ከታዳጊ ቡድን አድጎ?

ከታዳጊ ቡድን ነው። አሠልጣኙ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ገና በልጅነቱ በጣም ያምኑበት ነበር። በ1999/2000 የውድድር ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከአስቶን ቪላ ጋር፣ በ16 ዓመቱ ሊያሰልፉት አስበው ነበር። ሊጉ በተማሪነት ውል የተመዘገበ ልጅ በዋናው ቡድን እንዲሰለፍ ስለማይፈቅድ ሐሳባቸው ሳይሳካ ቀረ። ያን ቀን ቢጫወት ኖሮ ከ1950ዎቹ ኮከብ ከደንከን ኤድዋርድስ ወዲህ ለክለቡ የተሰለፈ በዕድሜ ትንሹ ተጫዋች ይባል ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት እየተደራረበበት ሦስት ዓመት ያህል ጠበቀ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው መጋቢት 12 ቀን 2003 በሻምፒዮንስ ሊግ ከባዝል ጋር ሲሆን ጨዋታው 1ለ1 አልቋል።

የቤካም ተተኪ ተብሎ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። ቤካም በ2003 ክረምት ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ የቀኝ መስመሩ ባዶ ሆነ፤ ፍሌቸርም ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ተሰለፈ። እሱ ግን በተፈጥሮው የመስመር ተጫዋች አልነበረም። እንደ ቤካም የሚያሻማ ወይም እንደ ሮናልዶ አታሎ የሚያልፍ ሰው የጠበቀ ደጋፊ ቅር ቢለው አይገርምም። ሲታዩ የከረሙት ጉድለቶቹ የመሐል ሜዳ ሰው ዳር ላይ ሲቆም የሚመጡ ጉድለቶች ናቸው።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታትም ቢሆን ትልልቅ ጨዋታዎች አላመለጡትም። በ2004 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሚልዎልን 3ለ0 ሲያሸንፉ ከመጀመሪያው ተሰልፏል። የካቲት 1 ቀን 2005 በሃይበሪ አርሰናልን 4ለ2 የረቱበት ምሽት፣ ያ የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች ኪንና ቪዬራ መተላለፊያው ውስጥ የተፋጠጡበት ጨዋታ፣ ፍሌቸር 21 ዓመት የሞላበት ቀን ነበር። ያን ቀንም ከመጀመሪያዎቹ 11 አንዱ እሱ ነው።

ሮይ ኪን ስለ እሱ የተናገረው ምንድን ነው? ከዚያስ ምን ሆነ?

ጥቅምት 29 ቀን 2005 ዩናይትድ በሚድልስብራ 4ለ1 ተሸነፈ። አምበሉ ኪን ተጎድቶ ከሜዳ ውጭ ነበር። ለክለቡ ቴሌቪዥን በሰጠው አስተያየት በርካታ የቡድን ጓደኞቹን በስም እየጠራ ወቀሰ፤ ከተወቀሱት አንዱ ፍሌቸር ነበር። ዝግጅቱ እንዳይተላለፍ ቢደረግም ይዘቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የ21 ዓመት ልጅ ናችሁ እንበል፤ በልጅነታችሁ ታዩት የነበረው አምበል ለዚህ ክለብ እንደማትመጥኑ ሲናገር አገር ሰማ። ከዚያ ወጥታችሁ መጫወት አለባችሁ።

ስምንት ቀን አለፈ። ኅዳር 6 ቼልሲ ወደ ኦልድትራፎርድ መጣ። የሞሪንሆ ቡድን በሊጉ 40 ጨዋታ ሳይሸነፍ የዘለቀ ነበር። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሮናልዶ ኳሷን ወደ ሳጥኑ አሻገራት። ፍሌቸር ከግቡ ራቅ ብሎ ወደ ኋላው እያዘነበለ ዘለለና በቴስታ መታት። ጠንካራ ምት አልነበረችም። ኳሷ ከፍ ብላ ተንሳፍፋ በፒተር ቼክ አናት ላይ አለፈችና ሩቁ ጥግ መረቡ ላይ አረፈች። ቼክ እየተዘረጋ በዓይኑ ከመሸኘት በቀር ምንም ሊያደርግ አልቻለም። ጨዋታው በዚያችው ግብ 1ለ0 አለቀ፤ የቼልሲም ጉዞ እዚያ ተገታ።

በዚያው ወር ኪን ከክለቡ ወጣ። ፍሌቸር ግን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ስለ ፍሌቸር አንድ ጨዋታ ብቻ እዩ ብባል የማሳየው ይህን ነው። ግቧ ከግቦቹ ሁሉ ቆንጆዋ ስለሆነች አይደለም፤ ያን የመሰለ ሳምንት አሳልፎ እንደዚያ መሮጥ የሚችል ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሜዳ ላይ ሥራው ምን ነበር?

ኳስ መንጠቅ፣ ክፍተት መዝጋት፣ የተጋጣሚን ዋና አማካይ እግር በእግር መከተል፣ ኳሷ እንደተገኘች ደግሞ ቀለል አድርጎ ማቀበልና ወደ ፊት መሮጥ። ቴሌቪዥን ላይ ይህ ሥራ ብዙም አይታይም። ካሜራው ኳሷን ሲከተል ፍሌቸር ሥራውን የሚጀምረው ከስክሪኑ ውጭ ነው፤ ስሙ የሚጠራው ሩጫውን ጨርሶ ኳሷ ጋ ሲደርስ ነው። ስታዲየም ገብተው ያዩት ሰዎች ቤት ሆነው ካዩት ይልቅ የሚያደንቁትም ለዚህ ይመስለኛል።

ፈርጉሰን አርሰናልን፣ ቼልሲንና ሊቨርፑልን የመሰለ ቡድን ሲገጥሙ የፍሌቸር ስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ የተለመደ ነበር። “የትልቅ ጨዋታ ተጫዋች” የሚለው ስም የወጣለትም ከዚህ ነው። እሱና ሌላው የዩናይትድ አማካይ ካሪክ ማን ይበልጣል ለሚሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ካሪክ ጨዋታውን ያነባል፣ ፍሌቸር ያሳድዳል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነበር።

የ2009ኙ ቀይ ካርድ ትክክል ነበር?

በእኔ እምነት አልነበረም።

ቀኑ ግንቦት 5፣ ቦታው የአርሰናል ኤምሬትስ ስታዲየም፣ ጨዋታው የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ መልስ ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3፡45 ተጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ ዩናይትድ 1ለ0 አሸንፎ ስለነበር፣ በዚህኛው ፓርክ አንድ ሮናልዶ ሁለት ሲጨምሩ ድምሩ 4ለ0 ሆነ፤ ነገሩ አልቆ ነበር። እኛ በምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት የአርሰናል ደጋፊዎች ሒሳብ ከፍለው መውጣት ጀምረዋል።

75ኛው ደቂቃ አካባቢ ፋብሬጋስ ኳስ ይዞ ወደ ሳጥኑ ገባ። ፍሌቸር ከኋላ ደርሶ ተንሸራተተ። ተደጋግሞ ሲታይ በእግሩ ጫፍ መጀመሪያ የነካው ኳሷን ነው፤ ፋብሬጋስ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያናዊው ዳኛ ሮቤርቶ ሮዜቲ ግን ፍፁም ቅጣት ምት ሰጡ፣ ቀዩንም ካርድ መዘዙ። ቫን ፐርሲ አስቆጠረና ጨዋታው 3ለ1 አለቀ። ፍሌቸር በካርዱ ምክንያት ሮም ላይ ከባርሴሎና ጋር በተደረገው ፍጻሜ መሰለፍ አልቻለም። የፍሌቸር ፊት ግን ከእኔ አልጠፋም። ብዙ አልተከራከረም፤ ቡድኑ ለፍጻሜ ሊያልፍ 15 ደቂቃ ሲቀረው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ታዲያ ይግባኝ ለምን አልተባለም?

በወቅቱ በአውሮፓ ውድድሮች ቀይ ካርድ የሚነሳው ዳኛው ሰው ተሳስተው የካርዱን ባለቤት ካምታቱ ብቻ ነበር። የፍርድ ስህተት እንደ ምክንያት አይቆጠርም። ክለቡ በርኅራኄ እንዲታይለት ቢጠይቅም ተቀባይነት አላገኘም። ዛሬ ቫር (ዳኛውን በቪዲዮ የሚያግዘው አሠራር) ባለበት ዘመን ያ ጥፋት ምናልባት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰረዝ ነበር።

ሮም ላይ ቢሰለፍ ባርሴሎናን ያሸንፉ ነበር?

ይህን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የሆነው ይህ ነው፦ ዩናይትድ መሐል ላይ ካሪክን፣ አንደርሰንንና ጊግስን ይዞ ገባ፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጥሩ ሁኔታ ጀመረ፤ በ10ኛው ደቂቃ ኤቶ አስቆጠረ፤ ከዚያ ሻቪና ኢኔስታ ኳሷን ይዘው ቀሩ። ሁለተኛውን ሜሲ በግንባሩ ጨመረ። ፍሌቸር ብቻውን እነዚያን ሁለት ሰዎች ያቆም ነበር አልልም። ግን በቡድኑ ውስጥ ሳይደክመው እነሱን ሲያሳድድ ሊያመሽ የሚችል ሰው ማን ነበር ብትሉኝ፣ ያ ሰው ሱፍ ለብሶ ከዳር ተቀምጦ ነበር።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሞስኮ ዩናይትድ ቼልሲን በፍፁም ቅጣት ምት ሲያሸንፍም ፍሌቸር ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር፤ አልገባም። ስለዚህ የሻምፒዮንስ ሊግ ሜዳሊያ አለው፣ በፍጻሜው ጨዋታ ግን አንድም ደቂቃ አልተጫወተም።

ምርጥ ዘመኑ የትኛው ነው?

2009/10። ከሮም ሐዘን በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ መስከረም 20 ቀን 2009፣ ማንቸስተር ሲቲን 4ለ3 ያሸነፉበት ደርቢ ተደረገ። ያን ጨዋታ ሁሉም የሚያስታውሰው ማይክል ኦውን በ96ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ግብ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፍሌቸር ሁለት አግብቷል፤ ሁለቱንም ጊግስ አሻምቶለት፣ ሁለቱንም በቴስታ። ከሁለቱም ግቦቹ በኋላ ሲቲ አቻ ባያደርግ የዕለቱ ጀግና እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ተጫዋቾች ራሳቸው በሚመርጡት የእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ 11 ውስጥ ከፋብሬጋስ፣ ከቫሌንሲያና ከሚልነር ጋር ተመረጠ። “ያን ያህል ጎበዝ ነበር?” ለሚሉት ከእኔ ቃል ይልቅ በሜዳ የገጠሙት ሰዎች ድምፅ ይበቃል።

ህመሙ ምን ነበር?

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ትልቁን አንጀት እየተዋጋ የሚያቆስልበት ሥር የሰደደ ህመም ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ክብደት መቀነስና ከባድ ድካም ያመጣል። የሚያመው ሰው በቀን ብዙ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ይመላለሳል፤ ሲነሳበት ጊዜ አይሰጥም።

በፍሌቸር ላይ ህመሙ ያየለው በ2011 ነው። ይፋ ከመሆኑ በፊት ረጅም ጊዜ ደብቆት ኖሯል። ሲከሳና ከልምምድ ሲቀር የቡድን ጓደኞቹ ሲጠይቁት ሌላ ምክንያት ይሰጥ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ኅዳር 22 ቀን 2011 ከቤንፊካ ጋር 2ለ2 ሲለያዩ አንዷን ያገባው እሱ ነው፤ ያን ግብ ዛሬ ስታዩ ያ ሰው ታሞ እንደነበር አስታውሱ። በታኅሣሥ ክለቡ ፍሌቸር ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚያርፍ አሳወቀ፤ የህመሙንም ስም ተናገረ።

እዚህ ላይ ከኳስ ትንሽ ልውጣ። እኛ ዘንድ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሜባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ግምቱ ልክ ይሆናል። መድኃኒት ተወስዶ ካልተሻለ፣ ወይም እየተመላለሰ ሳምንታት ካለፉ ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ስለ አንጀት ማውራት ያሳፍራል ብሎ መደበቅ ፍሌቸርንም ጎድቶታል። ከሕክምናው በኋላ ደጋግሞ በአደባባይ የሚናገረውም ሌሎች እንደሱ እንዳይደብቁ ነው።

ከዚያ እንዴት ተመለሰ?

በአንድ ጊዜ አልሆነለትም። መስከረም 2012 ከጋላታሳራይ ጋር ተቀይሮ ገብቶ ተመለሰ ስንል ህመሙ እንደገና አገረሸ። በጥር 2013 ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና የዚያ ዓመት ጨዋታ እዚያ አበቃ። በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። በዚህ መሐል ፈርጉሰን ጡረታ ወጡ፤ እሱ ከሳቸው ጋር የመጨረሻውን ዓመት ሜዳ ላይ መጨረስ አልቻለም።

ታኅሣሥ 15 ቀን 2013፣ ቪላ ፓርክ። ዩናይትድ 3ለ0 እየመራ ነው። ፍሌቸር 24 ቁጥር ማልያውን ለብሶ ከዳር ቆመ። እንግዳ ሆነው የመጡት የዩናይትድ ደጋፊዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ጭብጨባው ሜዳውን ሞላው። በጨዋታው ላይ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ የሚያስፈልገው እሱ መግባቱ ብቻ ነበር። በዚያ መቀያየር እንባ የመጣብኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንደ ድሮው ሆነ?

እንደ ድሮው ፈጣን አልሆነም፤ ሙሉ ተጫዋች ግን ሆነ። በ2014 አሠልጣኝ ቫን ሃል ሲመጡ ሩኒን አምበል፣ ፍሌቸርን ምክትል አደረጉ። ብዙ መሰለፍ ስላልቻለ በየካቲት 2015 ወደ ዌስት ብሮም ሄደና አምበል ሆነ። ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመናት በሊጉ ጨዋታ አላመለጠውም ማለት ይቻላል። ትልቁ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ያጣ ሰው፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖ፣ በፕሪሚየር ሊግ መሐል ሜዳ ሳምንት ከሳምንት! እኔ ከዋንጫዎቹ ይልቅ ይህ ይደንቀኛል።

በ2017 ወደ ስቶክ ሲቲ ተዛወረ። ስቶክ በ2018 ከሊጉ ወረደ፤ በ2019 ኮንትራቱ ሲያልቅ ተለያዩ። የመጨረሻ ክለቡ እሱ ነው።

ምን ምን ዋንጫ አነሳ?

ዩናይትድ በ2007፣ በ2008፣ በ2009 እና በ2011 ፕሪሚየር ሊጉን ሲወስድ ከዋናዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። በ2013ም ቡድኑ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ያኔ ግን በህመሙ ምክንያት የተሰለፈው በጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው። የ2004 ኤፍኤ ካፕ፣ የ2008 ሻምፒዮንስ ሊግ፣ የ2010 ሊግ ካፕ አሉት። በታኅሣሥ 2008 ጃፓን ላይ የዓለም የክለቦች ዋንጫ ሲያነሱ፣ በግማሽ ፍጻሜው ጋምባ ኦሳካን 5ለ3 ካሸነፉባቸው ግቦች አንዷ የሱ ናት።

ለስኮትላንድ ምን ሠራ?

ብዙ ሠርቶ ትልቅ ውድድር ሳያይ ቀረ። በ2003 ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሊቱዌኒያን 1ለ0 ያሸነፉባትን ግብ አስቆጠረ፤ አገሩም ለዩሮ 2004 የጥሎ ማለፍ ዕድል አገኘች። በዚያ ጥሎ ማለፍ ኔዘርላንድስን በግላስጎው 1ለ0 ረቱ፤ ማክፋደን ግቧን ያስቆጠረው ከፍሌቸር ጋር ኳስ ተቀባብሎ ነው። ከአራት ቀን በኋላ አምስተርዳም ላይ 6ለ0 ተቀጡ። በግንቦት 2004 ከኢስቶኒያ ጋር አምበል ሆኖ ሲገባ 20 ዓመቱ ነበር፤ ከ1886 ወዲህ ስኮትላንድ ያን ያህል ወጣት አምበል አልነበራትም።

በዩሮ 2008 ማጣሪያ ፈረንሳይን በግላስጎውም በፓሪስም 1ለ0 አሸንፈው በመጨረሻው ጨዋታ በጣሊያን 2ለ1 ተሸነፉና ቀሩ። ስኮትላንድ ከ1998 የዓለም ዋንጫ በኋላ ለትልቅ ውድድር ያለፈችው በ2020 ኅዳር ሰርቢያን በፍፁም ቅጣት ምት ስታሸንፍ ነው፤ ፍሌቸር ያኔ ማልያውን ሰቅሎ ነበር። የሱ 80 ጨዋታዎች በሙሉ የወደቁት በዚያ የድርቅ ዘመን ውስጥ ነው።

ስቲቨን ፍሌቸር ወንድሙ ነው?

አይደለም፣ ዝምድና የላቸውም። ስቲቨን ለበርንሌይ፣ ለዎልቭስና ለሰንደርላንድ የተጫወተ አጥቂ ነው። በብሔራዊ ቡድን አብረው ስለተሰለፉ ነው ሰው የሚያምታታው።

ከስኮት ማክቶሚናይ ጋር ይመሳሰላሉ?

ብሔራዊ ቡድናቸው፣ ያሳደጋቸው ክለብና ቦታቸው አንድ ነው፤ አጨዋወታቸው ግን ይለያያል። ማክቶሚናይ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ግብ የሚያስቆጥር አማካይ ነው፤ በ2025 ናፖሊን የጣሊያን ሻምፒዮን ሲያደርግ ያየነው ይህን ነው። ፍሌቸር ሌላው ሰው እንዲያገባ መንገዱን የሚጠርግ ነበር።

ጫማ ከሰቀለ በኋላ የት ነው ያለው?

ወደ ቤቱ ተመለሰ። በጥቅምት 2020 የዩናይትድን ከ16 ዓመት በታች ልጆች ማሠልጠን ጀመረ፤ በጥር 2021 የዋናው ቡድን አሠልጣኞች ውስጥ ገባ፤ በመጋቢት ደግሞ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው ቴክኒክ ዳይሬክተር ሆነ። በ2025 ክረምት ከ18 ዓመት በታች ቡድኑን ተረከበ።

መንትያ ልጆቹ ጃክና ታይለርም ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ሁለቱም ያደጉት በማንቸስተር ሲቲ ታዳጊ ቡድን ሲሆን በ2023 አባታቸው ወዳደገበት ክለብ ተሻግረዋል። ሁለቱም አማካይ ናቸው።